ቢላ ስንስል በስለቱ ጫፍ ላይ ስለሚቀረው ትርፍ ብረት

በተሳለበት ሰዓት ወረቀት እንደ ምንም የሚሰነጥቅ፣ በማግስቱ ግን የቲማቲም ልጣጭ ላይ የሚንሸራተት ቢላ በየቤቱ አለ። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን የሚያደርገው በቢላው ላይ ነው፤ «ስለት አይዝም» ይባልና ወደ መሳቢያ ይመለሳል፣ ወይም ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ «ጠንከር አድርገህ ሳልልኝ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ለሚስለው ሰው ይሰጣል። እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ በዓል ሲቃረብ የጎረቤቶቼን ቢላ ስለምስል ይህን ማሳሰቢያ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። አንዲት እናት ቢላቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተው «ልጄ፣ ገበያ ወስጄ ባስለው የሚያገለግለኝ አንድ ቀን ነው፤ አንተ እንኳ ጠበቅ አድርገህ ሳልልኝ» ብለውኛል። ቢላው ግን የጎደለው ግፊት አልነበረም። በመሳል ሂደት ስለቱ ጫፍ ላይ የተፈጠረው ስስ ትርፍ ብረት ሳይወገድለት ነበር ወደ ቤቱ የተመለሰው፤ ጠንከር አድርጎ መሳል ደግሞ ይህን ትርፍ ብረት ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር ከተረዳን ማስወገጃው ራሱ ግልጽ ይሆናል። ስለት ማለት የቢላው ሁለት ጎኖች እየሳሱ ሄደው የሚገናኙበት መስመር ነው። ድንጋዩ አንዱን ጎን እየፋቀ እስከዚህ መስመር ድረስ ሲደርስ፣ ጫፉ ላይ የቀረው ብረት ከመሳሳቱ የተነሣ ድንጋዩን ተቋቁሞ እንዲፋቅ የሚያስችል ድጋፍ ከኋላው ስለማይኖረው፣ በመቆረጥ ፈንታ ይተጣጠፍና ወደ ማዶው ጎን ይዘረጋል። ስለዚህ ቀኙን ጎን ስንስል ትርፉ ብረት የሚገኘው በግራው ጎን ነው፤ ግራውን ስንስል ደግሞ ተገልብጦ ወደ ቀኙ ይመጣል። ሸካራ ድንጋይ ላይ በኃይል ተጭነን ከሳልን በዓይን እስከሚታይ ድረስ ያድጋል፤ በላመ ድንጋይና በቀላል እጅ ከሳልን ግን በጣት እንኳ ለመለየት ያስቸግራል። ለማነጻጸር ያህል፣ የሰው ጸጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ሲሆን በጥንቃቄ የተሳለ ቢላ የስለቱ ጫፍ ከ1 ማይክሮን በታች ሊወርድ ይችላል። ከዚህ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የ10 ወይም የ20 ማይክሮን ቅሪት ለዓይን ምንም ቢመስልም ለስለቱ ትልቅ ጉድ ነው።

አታላይነቱ ደግሞ የሚቆርጥ መሆኑ ላይ ነው። ትርፉ ብረት ቀጥ ብሎ ከቆመ ራሱ ከስለት ይልቅ የሳሳ ስለሆነ ወረቀት ይሰነጥቃል፣ የክንድ ጸጉርም ይላጫል፤ ሳዩም ባለቤቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ይሁን እንጂ ወዲያና ወዲህ ሲገላበጥ የቆየ ብረት፣ ደጋግሞ እንደታጠፈ ሽቦ፣ ሥሩ ላይ ደክሟል። ማታ ሽንኩርት ሲከተፍበት መክተፊያውን በነካ ቁጥር ወይ ወደ አንድ ጎን ይተኛል፣ ወይ ተቆርሶ ይወድቃል። ከተኛ፣ ምግቡን የሚነካው የታጠፈው ድቡልቡል ጀርባ ነው፤ ከተቆረሰ፣ የሚቀረው የተሸራረፈ ደንዳና ጠርዝ ነው። በሁለቱም መንገድ ቢላው ዶልዱሟል፣ እውነተኛው ስለት ግን አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋለም።

መኖሩን ማወቅ ከማስወገዱ በፊት ይመጣል፣ የተለመደው መንገድም የአውራ ጣት ነው። ጣትን ከቢላው ጀርባ በኩል አነሥቶ ወደ ስለቱ፣ ከስለቱም አልፎ ወደ ውጭ በቀስታ ማንሸራተት ነው፤ በስለቱ ርዝመት ግን ፈጽሞ መንሸራተት የለበትም፣ ያን ያደረገ ሰው ስለ ትርፍ ብረት የሚያነበው በፋሻ በታሰረ ጣት ነው። ትርፍ ብረት ያለበት ጎን ጣትን ያዝ ያደርጋል፣ የሌለበት ጎን ሙልጭ ብሎ ያልፋል። ቆዳው በሥራ የደነደነ ሰው ግን ጥቃቅኑን በጣቱ ላያውቀው ይችላል፤ ለእሱ ከጣት የሚሻለው ባዘቶ ነው። ከባዘቶው ትንሽ ቆንጥሮ ልክ እንደ ጣቱ ከጀርባ ወደ ስለት እየሳቡ ማሳለፍ ነው፤ የጥጡ ጭረቶች የተያዙበት ቦታ ላይ ቅሪት አለ። እናቶች ጥጥ በሚፈትሉበት ቤት ይህ መሣሪያ ፈልጎ አይታጣም።

ብርሃንም ይናገራል። ቢላውን ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ከአምፖል ሥር ይዞ ቀጥታ ከላይ ሲመለከቱት፣ የተጣራ ስለት ምንም አያሳይም፤ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ስፋት የለውምና። ነጭ መስመር ወይም የተነጣጠሉ ነጫጭ ነጥቦች ከታዩ ግን እዚያ ወይ የደነዘ ቦታ አለ፣ ወይ የተኛ ብረት አለ። የክንድን ጸጉር በመላጨት መፈተሽ ብዙ ሰው የሚመካበት ቢሆንም እኔ ብዙም አላምነውም፤ ከላይ እንዳልኩት ትርፍ ብረትም ይላጫል። ይሁንና ከዚህ ፈተና አንድ ጠቃሚ ነገር ማውጣት ይቻላል፦ ቢላው በአንድ ጎኑ ሲያዝ የሚላጭ፣ ሲገለበጥ ግን የማይላጭ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ወደ አንድ ወገን አጋድሏል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተትን ማስተካከል ይገባል። ትርፍ ብረት ጎጂ ነው ብሎ እንዳይፈጠር መከላከል የሚፈልግ ሰው አለ። በመጀመሪያው ሸካራ ድንጋይ ላይ ግን እንዲፈጠር እንፈልጋለን፤ ድንጋዩ እስከ ጫፉ ድረስ መድረሱን የሚነግረን ሌላ ታማኝ ምስክር የለም። አንዱን ጎን እየሳልን በማዶው ጎን ከእጀታው ሥር እስከ ሹል ጫፉ ድረስ ሳይቋረጥ እስኪዳሰስ እንጠብቃለን፣ ከዚያ በፊት ወደ ሌላው ጎን መዞር ስለቱን ሳያገኙት መመለስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው ቦታ ሁለት ነው፦ እጀታው አጠገብ ያለው ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር፣ እንዲሁም ቢላው ወደ ሹሉ የሚታጠፍበት ክፍል። መሀሉ ቶሎ ስለሚደርስ መላው ቢላ የደረሰ ይመስላል፤ ባዘቶው የሚጠቅመው ያኔ ነው። ሁለቱም ጎን በዚህ መንገድ ከደረሰ በኋላ ግን ትርፉ ብረት መልእክቱን አድርሷል፣ ከዚያ በኋላ አንዲት ምት እንኳ እንዲያድግ ማድረግ አያስፈልግም።

ማስወገድ የሚጀምረው በላመ ድንጋይ ሳይሆን እዚያው በሸካራው ላይ ግፊትን በመቀነስ ነው። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ በቁጥር 240 ድንጋይ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድንጋዩ ሸካራ ነው) ላይ የተፈጠረውን ትልቅ ቅሪት እንዳለ ተሸክሞ ወደ ቁጥር 1000 ይሄድና የላመው ድንጋይ ያላምደዋል ብሎ ይጠብቃል። የቁጥር 1000 ድንጋይ ፍሬዎች ከ10 እስከ 16 ማይክሮን ገደማ የሚሆኑ ናቸው፤ ወፍራሙን ቅሪት ከመቁረጥ ይልቅ ያንጠዋል፣ ያሳሳዋል፣ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ያ የሚያታልለውም ስለት ይወለዳል። ስለዚህ በሸካራው ድንጋይ ላይ ሥራው ሲያልቅ እጅን እያቀለሉ፣ መጀመሪያ በእያንዳንዱ ጎን ጥቂት ምት፣ ቀጥሎ አንድ በቀኝ አንድ በግራ እያፈራረቁ፣ በመጨረሻም ከቢላው ክብደት በቀር ምንም ሳይጨምሩ መሳል ነው። በአንድ ጎን በቀጠልን ቁጥር ቅሪቱ ወደ ማዶ እየሸሸ ያድጋል፤ ማፈራረቁ ይህን ፋታ ያሳጣዋል። ምን ያህል ጊዜ ማፈራረቅ ያስፈልጋል ብሎ ለሚጠይቅ የምሰጠው ቁጥር የለኝም፤ የሚወስነው ጣቱ ወይም ባዘቶው ነው።

የምቱ አቅጣጫም ለውጥ አለው። ቢላውን ጀርባው እየመራ ስንጎትተው ብረቱ ወደ ጫፉ ስለሚሳብ ቅሪቱ ይረዝማል፤ ስለቱ እየመራ፣ ከድንጋዩ ላይ ስስ ሽፋን እንደሚያነሣ ሰው ወደፊት ስንገፋው ግን ድንጋዩ ቅሪቱን ከፊት ገጥሞ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ምቶች፣ በተለይ በጠንካራ ድንጋይ ላይ፣ ስለቱ የሚመራባቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ድንጋይ ሳይኖረው በመኪና ቀለም ቀቢዎች ዘንድ የሚገኘውን በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፎ የሚስል ሰው ግን ይህን እንዳይሞክር አደራ እላለሁ፤ ስለቱ ወረቀቱን ሰንጥቆ ይገባል። እሱ ጀርባ እየመራ ይሥራ፣ ማጣሪያውን፣ ማለትም ቅሪቱን የማስወገዱን ሥራ፣ በሌላ ነገር ያድርግ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የማይለቅ ቅሪት ሲያጋጥም፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምተማመንበት ዘዴ የቢላውን ማዕዘን ለጥቂት ምቶች ብቻ ከፍ ማድረግ ነው። ቅሪቱ ታጥፎ በጎኑ ላይ ተኝቶ ከሆነ በነበረው ማዕዘን መሳል በላዩ ላይ ያልፋል፤ ማዕዘኑ ከፍ ሲል ግን ድንጋዩ በቀጥታ ሥሩን ያገኘዋል። ይህን ያለ መለኪያ ማድረግ ይቻላል። ከስለቱ እስከ ጀርባው 4 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ቢላ ጀርባው ከድንጋዩ 1 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ ማዕዘኑ 15 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብንጨምር 3 ወይም 4 ዲግሪ ያህል ጨመርን ማለት ነው፣ ይህም ይበቃል። ምቱ ስለቱ የሚመራበት፣ እጁ እጅግ የቀለለ፣ ብዛቱም በየጎኑ ከሁለት ከሦስት ያልበለጠ መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ቀድሞው ማዕዘን ተመልሶ በዚያው ቀላል እጅ ጥቂት ማፈራረቅ ይቻላል፣ ወይም እንዳለ መተው ይቻላል፤ ጫፉ ላይ የተፈጠረችው እጅግ ጠባብ ሁለተኛ ጎን ለኩሽና ቢላ ጥንካሬ ትሰጠዋለች እንጂ አትጎዳውም። ሥራው እንዳይደገም የሚፈራው እዚህ ላይ ተጭኖ መሳል ብቻ ነው፤ ያኔ አዲስ ቅሪት ይወለዳል።

ሌላው መንገድ ስለቱን በእንጨት ውስጥ መጎተት ነው። ጅማ ውስጥ በርጩማ ከሚሠራበት ደጅ የዋንዛ ቁራጭ ለምኖ ማግኘት ቀላል ነው፤ የቁራጩ የተቆረጠ አናት ላይ ስለቱን ያለ ጫና አንድ ሁለቴ ሲጎትቱት የደከመው ብረት እንጨቱ ውስጥ ተነቅሎ ይቀራል። ይህ ዘዴ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ቅሪቱን የሚነቅለው እንጂ የሚቆርጠው ስላልሆነ ሥሩ ላይ የተቀደደ ጠርዝ ሊተው ይችላል። እኔ የምጠቀምበት በሸካራው ድንጋይ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የላመ ድንጋይ የተቀደደውን ያስተካክለዋልና። በሥራው ማብቂያ ላይ ከተደረገ ግን የተለፋበትን ስለት ያበላሻል ብዬ አምናለሁ።

ድንጋይ በሌለበት ቤት የሳህን ወይም የትልቅ ስኒ ሥር፣ ቀለም ያልነካው ሸካራ ቀለበት፣ ጥሩ ማጣሪያ ነው። የተተኮሰ ሸክላ ከቢላ ብረት ይጠነክራል፣ ፍሬውም የላመ ነው። የቡና ስኒ ግን ለዚህ ሥራ በጣም ትንሽ ነው፣ ይዞ ለማቆየትም ያስቸግራል፤ ጀበናማ ከነአካቴው አይሆንም፣ ገጹ ወጣ ገባ ነው፣ ቡናውም ሌላ ቤት መሄድ የለበትም። የበረንዳ ሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ቢላ የሚያፋጭ ሰው ብዙ ነው፤ ሲሚንቶው ውስጥ ያለው አሸዋ ብረት መፋቁ አይካድም፣ ነገር ግን የሚያወጣው ቅሪት ትልቅ ነው፣ ማጥሪያውንም ራሱ ሊሰጥ አይችልም። ሲሚንቶ ላይ ተጀምሮ ሳህን ሥር የሚያልቅ ሥራ ሲሚንቶ ላይ ተጀምሮ ሲሚንቶ ላይ ከሚያልቀው እጅግ ይሻላል።

ቆዳ የመጨረሻው ደረጃ ነው። የቀድሞ ፀጉር አስተካካዮች ምላጫቸውን ጠፍር ላይ ሲያፋጩ ያየ ሰው ሥራው ይገባዋል፤ አሮጌ ቀበቶ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በማጣበቅ ማንም ሊሠራው ይችላል። ቆዳ ላይ ቢላ የሚሄደው ሁልጊዜ ጀርባው እየመራ ነው። ባዶ ቆዳ ብቻውን ብዙ ይሠራል የሚለውን እምነት ግን አልጋራም። በአሜሪካው አይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረት ሳይንስ ፕሮፌሰር የነበሩት ጆን ቨርሆቨን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት የተሳሉ ስለቶችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ ሲያነጻጽሩ፣ ባዶ ቆዳ ትርፉን ብረት ለማስወገድ ብዙም እንደማይረዳ፣ ክሮሚየም ኦክሳይድ የተባለው አረንጓዴ ማለስለሻ የተቀባ ቆዳ ግን በግልጽ እንደሚያሻሽለው አሳይተዋል። ይህ አረንጓዴ ቅባት ብረት ለማወልወል የሚሸጥ ነው፣ ፍሬው ግማሽ ማይክሮን ገደማ ነው። ያም ሆኖ ቆዳ ለትንሽ ቅሪት ነው፤ በድንጋይ ላይ ሳይቀነስ የመጣውን ትልቅ ብረት ቆዳ ላይ እጨርሰዋለሁ ብሎ የሚጫን ሰው፣ ቆዳው በግፊት ሰምጦ ከስለቱ ፊት ስለሚነሣ፣ ጫፉን አድበልብሎ ይመለሳል።

ስለ ሞረድ ያለኝ አስተያየት አንዳንድ የስጋ ቤት ወዳጆቼን ላያስደስት ይችላል። ቆራጩ ድቡልቡሏን ሞረድ ከወገቡ አውጥቶ ቢላውን ወዲያ ወዲህ ሲያማታት ለዓይን ደስ ይላል፣ ጥቅምም አለው፤ በሥራ ብዛት ያጋደለ ጤናማ ስለትን መልሳ ታቀናለች። ችግሩ ከድንጋይ በቀጥታ ወደ ሞረድ ሲኬድ ነው። ገጿ ለስላሳ የሆነች የብረት ሞረድ ትርፉን ብረት አትቆርጥም፣ ታቆመዋለች፤ ቢላውም ለአንድ ኪሎ ቁርጥ ያህል እንደ እሳት ይሆንና ይሞታል፣ እንደገና ሞረድ፣ እንደገና ለአንድ ኪሎ። ቆራጩ ሞረዷን በየደቂቃው የሚፈልጋት ከሆነ ቢላው የሚጠይቀው ሞረድ ሳይሆን በድንጋይ ላይ የሚደረገውን ማጣሪያ ነው። የሴራሚክ ሞረድ ከሆነች ግን ጉዳዩ ይለያል፤ እሷ ራሷ ትፍቃለች፣ በቀላል እጅ ከተያዘችም ታጠራለች።

የብረቱ ዓይነት ቅሪቱን የዋህ ወይም እልኸኛ ያደርገዋል። ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላ ካርቦኑ ወደ 0.6 በመቶ የሚጠጋ ብረት ነው፤ በሚገባ ግሎ ውሃ ወይም ዘይት ከጠጣና መልሶ በልኩ ከለዘበ ጠንካራ ስለሚሆን ቅሪቱ አጭር ነው፣ በትንሽ ማፈራረቅም ይረግፋል። ውሃ በደንብ ያልጠጣው ግን ለስላሳ ስለሚቀር እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ቅሪት ያወጣል። የማይዝገው የኩሽና ቢላም በአብዛኛው ወደዚህ ወገን ያደላል። የታወቁት የጀርመን ኩሽና ቢላዎች የሚሠሩበት ብረት ካርቦኑ 0.5 ክሮሙ 15 በመቶ ገደማ ሆኖ ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ ከ55 እስከ 57 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ከ60 በላይ የሚሄዱት የጃፓን የካርቦን ብረቶች ቅሪታቸውን ቶሎ ይጥላሉ። ገበያ ላይ በርካሽ የምናገኛቸው ስስ ቢላዎች ከጀርመኖቹም የለሰለሱ ናቸው፣ ስለዚህ በእነሱ ላይ ማጣሪያው ከመሳሉ የበለጠ ጊዜ ቢወስድ አያስገርምም። እነዚህን ቢላዎች እስከ ቁጥር 3000 ወይም 6000 ድንጋይ ማድረስ ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ድንጋዩ በላመ ቁጥር ለስላሳው ብረት ይለጠጣል እንጂ አይቆረጥም፣ ቁጥር 1000 ላይ በቀላል እጅ ጨርሶ ቆዳ ማስነካት ይበቃል።

በኤሌክትሪክ ግራይንደር የሚሳል ቢላ የራሱ ጣጣ አለው። 125 ሚሊሜትር ዲስክ የሚይዘው የእጅ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ሲዞር የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 70 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስስ የሆነውን የስለት ጫፍ ለማቃጠል ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ካርቦን ብረት ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ቀጥቃጩ ብረቱን ካለዘበበት ሙቀት በላይ ስለሚሆን ያ ቦታ ለስልሷል። እንግዲህ ለስላሳው ብረት ትልቅ ቅሪት ያወጣል፣ ቅሪቱም አይለቅም፣ ቢለቅም ከሥሩ ያለው ስለት የተቃጠለ ነው። ሂርማታ ገበያ ሄዶ ቢላ ማሳል የግድ ከሆነ፣ ሳዩን በአክብሮት «ወንድም፣ ውሃ እያስነካህ፣ ቀለል አድርገህ» ማለት ያስፈልጋል፤ ቤት ሲደረስም በቁጥር 1000 ድንጋይ ላይ በየጎኑ ጥቂት የማጣሪያ ምት መጨመር ነው። እኚያ እናት ያመጡት ቢላ ከዚህ የበለጠ ምንም አላስፈለገውም ነበር።

የእንጨት ጠራቢዎች መሮ ከቢላ በአንድ ነገር ይለያል። የመሮ አንዱ ጎን ዝርግ ነው፤ የሚሳለው ጋደል ያለው ጎን ብቻ ሲሆን ቅሪቱ በዝርጉ ጎን ይወጣል። እዚህ ላይ ማዕዘን ከፍ ማድረግ የለም። ዝርጉ ጎን ድንጋዩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ሳይነሣ መፋቅ አለበት፤ በጸጉር ያህል እንኳ ከተነሣ ዝርግነቱ ይጠፋል፣ መሮውም የበርጩማውን መቀመጫ ቀጥ አድርጎ መላጥ ያቆማል። በአንድ ጎናቸው ብቻ የተሳሉ ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላዎችም በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ። ገጀራ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም፣ የቡና ማሳ ሲመነጠርበት የሚውል መሣሪያ ብረት በሚፍቅ ጥርሳም ሞረድ ተስሎ ደረቅ እንጨት ላይ አንድ ሁለቴ ቢጎተት ሥራውን ይሠራል።

ጅማ ውስጥ የቢላ ወረፋ የሚበዛው ለአረፋ ነው፣ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት የታወቀ ሐዲስ ነቢዩ የሚያርድ ሰው ቢላውን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ አዝዘዋል። ለእርድ የሚሆን ቢላ ከሌላው በበለጠ ማጣሪያ የሚያሻው ለዚህ ነው፤ ለመክተፊያ የተሳለ ቢላ መሀል ላይ ቢዶለዱም ዳግም ይሳላል፣ በእርድ ጊዜ ግን ስለቱ ቆዳና ጸጉር ላይ ከመጀመሪያው ንክኪ አንሥቶ እስከ ፍጻሜው መቆየት አለበት፣ ወፍራም ቆዳ ደግሞ ያጋደለን ቅሪት ወዲያው ያስተኛዋል። ስለዚህ ለአረፋም ሆነ ለፋሲካ የሚመጣልኝን የእርድ ቢላ በዋዜማው ሳይሆን ሁለት ቀን ቀድመው እንዲያመጡልኝ እጠይቃለሁ፤ ከሳልኩት በኋላ ካርቶን ወይም ደረቅ እንጨት ጥቂት እቆርጥበትና እንደገና በብርሃን አየዋለሁ። ቅሪት ቀርቶ ከነበረ ከዚያ በኋላ ተኝቶ ወይም ተቆርሶ ነጭ ነጥብ ያሳያል፣ እሱን በጥቂት ቀላል ምት ማንሣት ይቻላል።

ጥሬ ስጋ ለሚቆረጥበት ቢላ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የረገፈው ብረት ከድንጋዩ ጭቃ ጋር ስለቱ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ቢላው ከማጣሪያው በኋላ በሳሙናና በሞቀ ውሃ ታጥቦ፣ ከጀርባ ወደ ስለት በሚሄድ ጨርቅ መወልወል አለበት። የባሌስትራ ቢላ ከሆነ ደግሞ ክረምቱ እንደኛ በረዘመበት አገር አዲስ የተሳለ ጫፍ በአንድ ሌሊት ዝገት ሊጀምረው ስለሚችል፣ ከደረቀ በኋላ ስስ የምግብ ዘይት ማስነካት ያስፈልጋል።